ስህተት ርካሽ የሆነበት ሰፈር

መቂ ላይ ያቃጠልነውን ቦርድ እስካሁን አልጣልኩትም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ መሀሉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ጠባሳ አለው፣ ጠጋ ብላችሁ ካሸተታችሁት ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አሁንም አለ። የሶላር ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነበር። ከአንድ የግቢ ጓደኛዬ ጋር ነው የሰራነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ናፍጣ ከመግዛት ይገላገሉ ብለን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገጠምነው፣ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሲሄድ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፣ 8 ሰዓት አካባቢ ፀሐዩ ሲበረታ ሳጥኑ ውስጥ ቷ አለና ጭስ ወጣ። ባለማሳው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም፣ "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ነገ ታስተካክሉታላችሁ" ብለው ቡና አስፈሉልን።

ያ ነገ የተባለው 7 ሳምንት ፈጀ። ሳይንስ ፓርክ ምን ጥቅም እንዳለው የምጽፈውም ከዚህ ቦርድ ተነስቼ ነው።

7 ሳምንት ሙሉ ስንሰራ ከረምን ማለት አይደለም። የሰራነው ስራ ቢደመር 2 ቀን አይሞላም፣ የቀረው በሙሉ ጥበቃ ነው። ማወቅ የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሞስፌቷ (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የምትከፍትና የምትዘጋው ትንሽ ክፍል) የተቃጠለችው ከሙቀት ነው ወይስ ሞተሩ ሲነሳ ከሚፈጥረው የቮልቴጅ ዝላይ? ይሄን ለመለየት ኦሲሎስኮፕ፣ የቮልቴጁን መለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ መሳሪያ፣ ያስፈልጋል፣ ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ለማግኘት 10 ቀን ለመንን። ሞስፌቷን ገበያ ላይ አገኘናት፣ ገጠምናት፣ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ሞተች፣ ቁጥሩ በላዩዋ የተጻፈባት ፎርጅድ ነበረች። ከዛ ከዱባይ በሰው እጅ እናስመጣ አልን፣ ሰውዬው መምጫውን አራዘመ፣ ሲመጣ ደግሞ እቃው ተያዘና ወረቀት አምጡ ተባልን፣ ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ሌላ ወረቀት ጠየቀን። 20 ፍሬ ሞስፌት፣ ክብደቷ አንድ እፍኝ ምስር የማይሞላ። እሷን ይዘን መቂ ስንመለስ የሽንኩርቱ ውሃ የሚፈልግበት ወቅት አልፎ ነበር።

ከዛ በፊት ግን ሌላ አገር ላይ ልክ ይሄንኑ ነገር አቃጥዬ አውቃለሁ። ማስተርሴን የተማርኩት ታይዋን፣ ሺንቹ የምትባል ከተማ ነው። የንፋስ ከተማ ይሏታል፣ የምር ነው፣ ክረምታቸው ሲገባ ንፋሱ ከብስክሌት ላይ ይጥላል። ከዩኒቨርሲቲያችን በር ፊት ለፊት ጓንግፉ የሚባል ሰፊ መንገድ አለ፣ ከዛ ትንሽ በእግር ከሄድክ ሳይንስ ፓርኩ፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችና ተመራማሪዎች ጎን ለጎን የሚሰሩበት ሰፈር፣ ይጀምራል፣ ረጃጅም ፎቅ አትጠብቁ፣ መስኮት የሌላቸው ትላልቅ ህንፃዎች፣ ዛፍ፣ አንድ ኩሬ፣ ሺፍት ሲቀየር ደግሞ እንደ ጎርፍ የሚወጣ ስኩተር። አንድ ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ የፓወር ሰርኪዩቴን አቃጠልኩት። አጠገቤ የሚሰራው ልጅ ምንም አላለኝም፣ ስልኩን አወጣና ከኛ ላብ (ላቦራቶሪ) ተመርቆ ፓርኩ ውስጥ ለሚሰራ ልጅ ጻፈለት። ከላይ ካለው ላብ የሙቀት ካሜራ ተዋስን፣ ፈርመን ወሰድን፣ ማንም ስብሰባ ላይ አልነበረም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያ ልጅ ከስራ ሲወጣ 5 ፍሬ በስኩተር ይዞልን መጣ። 4 ሰዓት ላይ ነገሩን አወቅነው፣ ሞስፌቷ ከሙቀት ማውጫው ብረት ጋር በአንድ ጠርዝ በኩል አልተገናኘችም፣ በካሜራው ቀይ ሆና ትታያለች። እርግጠኛ ለመሆን ሆን ብለን ሁለቱን አቃጠልናቸው። ሆን ብለን! መቂ ላይ አንዷ ስትቃጠል እኮ ለቅሶ የተቀመጥን ነበር የመሰልነው።

5 ሰዓት እና 7 ሳምንት። እኔም ያው እኔ ነኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ከኔ የተሻለ ጭንቅላት አለው፣ ቦርዱም አንድ አይነት ነው። ልዩነቱ ከተቃጠለው ቦርድ እስከ መልሱ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ሰው ሳይንስ ፓርክ ምን ያደርጋል ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይሄንኑ ነው፣ ስህተት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያወርዳል። ምርምር ማለት ደጋግሞ መሳሳት ነው፣ አንድ ስህተት 7 ሳምንት የሚያስከፍለው ድርጅት በዓመት 7 ጊዜ ብቻ ነው መሳሳት የሚችለው፣ በ7 ስህተት ደግሞ ምንም ነገር አይሰራም።

ሺንቹ ዝም ብላ እንደዚ አልሆነችም፣ ታሪኩን እዛ ሳለሁ በደንብ ተከታትዬው ነበር፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1974 የካቲት ላይ ታይፔ ውስጥ አንድ የአኩሪ አተር ወተት የሚሸጥበት ቁርስ ቤት 7 ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዱ የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ሱን ዩን ሱዋን ነበር፣ ሌላው አሜሪካ አርሲኤ የሚባለው ካምፓኒ ውስጥ ሲሰራ የኖረው ኢንጂነር ፓን ዌን ዩዋን። አገሪቷ ያኔ ርካሽ ጉልበት ነበር የምትሸጠው፣ ልብስ፣ ጫማ፣ አሻንጉሊት፣ የሌላ ሰው ሬዲዮ መገጣጠም። ቁርስ ላይ የተወሰነው ቺፕ መስራት እንጀምር፣ 4 ዓመት እና 10 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል የሚል ነው። ከዛ ዓመት በፊት፣ 1973 ላይ፣ መንግስት የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቁሞ ነበር፣ እዛው ሺንቹ፣ በአጭሩ ኢትሪ ይሉታል። በ1976 ከአርሲኤ ጋር ተፈራርመው ወጣት ኢንጂነሮቻቸውን አሜሪካ ላኩ፣ በ1977 የሙከራ ፋብሪካው ስራ ጀመረ፣ ለሰዓት የሚሆን ቺፕ ነበር የሚያመርተው። ብዙም ሳይቆይ ከተመረተው ውስጥ ደህና ሆኖ የሚወጣው ከአስተማሪው ከአርሲኤ በለጠ። አርሲኤ ራሱ በ1986 ተሽጦ ፈረሰ፣ ተማሪዎቹ ግን ዛሬም አሉ።

ፓርኩ የተከፈተው 1980 መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፣ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ነበሩ፣ ቀጥሎ የምርምር ተቋሙ፣ ቀጥሎ የሙከራ ፋብሪካው፣ መሬቱና ህንፃው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። በዛው ዓመት ዩኤምሲ ከኢትሪ ውስጥ ተገንጥሎ የቺፕ ካምፓኒ ሆነ። በ1985 ሞሪስ ቻንግ ኢትሪን እንዲመራ ከአሜሪካ መጣ፣ በ1987 ቲኤስኤምሲን መሰረተ፣ ዛሬ በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለውን ቺፕ የሚያመርተውን። መንግስት ግማሽ የሚጠጋውን ድርሻ ያዘ፣ ፊሊፕስ ከሩብ በላይ ወሰደ፣ የቀረውን ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ሰጡ፣ ባለሀብቶቹ አልፈለጉም ነበር፣ እየተለመኑና እየተገፉ ነው የገቡት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የቲኤስኤምሲ የመጀመሪያ ፋብሪካ የራሱ አልነበረም። ኢትሪ ግቢ ውስጥ የነበረውን ተከራይቶ ነው የጀመረው። ለሌሎች ድርጅቶች ቺፕ በማምረት በዓለም ላይ ትልቁ የሆነው የተጀመረው በሰው ቤት ነው ማለት ነው፣ ሌላው በከፈለበት ማሽን፣ ሌላው ባሰለጠነው ሰው።

ይሄን ለእናቴ ሳስረዳት ምሳሌ ፈልጌ ብዙ አልተቸገርኩም። እድር አለን አይደል። ሰፈራችን ውስጥ የራሱ ድንኳን ያለው ቤት የለም፣ 100 ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት ገዝቶ ያስቀመጠም የለም፣ ምክንያቱም በዓመት አንዴ ለሚፈለግ ነገር ማን ያን ሁሉ ያወጣል? ግን የዛን ቀን ከሌለህ የሌለህ ነው። እድሩ ይገዛል፣ ዕቃ ቤት ያስቀምጣል፣ ቁልፉ ያለው ሰው ይታወቃል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ብታንኳኳ ይከፍትልሃል። የምርምር ማሽንም ልክ እንደዛ ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት የሙቀትና የእርጥበት መፈተሻ ሳጥን በዓመት ምናልባት 10 ቀን ይፈልገዋል፣ ለ10 ቀን ብሎ የሚገዛው የለም፣ ካልፈተሸ ደግሞ ፈተናው መቂ ላይ ገበሬው ፊት ይሆናል ማለት ነው። እናቴ "እና ለማሽን እድር ገቡ በለኛ" አለች። አዎ።

ፓርኩ ውስጥ ሁለት ነገር በጣም ወድጄዋለሁ፣ ሁለቱም ስለ ምርምር የሚመስሉ አይደሉም። አንደኛው ጉምሩኩ ነው፣ ግቢው ውስጥ ነው ያለው። ፈቃዱም፣ የሰራተኛ ጉዳዩም፣ የዕቃ ማስገቢያውም እዛው ፓርኩ አስተዳደር ጋር ያልቃል፣ ኢንጂነሩ ላቡን ትቶ ከተማ ለከተማ አይዞርም። የኔን 20 ሞስፌት ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። በ1983 ፓርኩ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ክፍል ያለው። ለምን? አሜሪካ የሚኖሩ ኢንጂነሮቻቸውን ኑ ሲሏቸው፣ ሰዎቹ ደሞዝ ብቻ አይደለም ያስጨነቃቸው፣ ልጆቻችን ቻይንኛ ማንበብ አይችሉም፣ የት እናስተምራቸው ነው ያሉት። እሱን ፈቱላቸው። በምርምር በጀት ላይ ትምህርት ቤት ብሎ የሚጽፍ ሰው የማውቀው እዛ ብቻ ነው። ዲሲና ሲያትል፣ ስቶክሆልም ያሉ ጓደኞቼ "እንምጣ እንዴ?" ብለው ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ላብ ሆኖ አያውቅም፣ ልጆቹ የት ይማራሉ ነው፣ እኔም መልስ የለኝም።

መሬቱ ደግሞ አይሸጥም። ሺንቹም በሊዝ ነው፣ የሁሉም አባት የሚባለው የስታንፎርዱ ፓርክም በ1951 ሲጀመር በሊዝ ነው የጀመረው፣ ዩኒቨርሲቲውን የመሰረቱት ባልና ሚስት መሬቱ እንዳይሸጥ ተናዘው ስለነበር ማከራየት ብቻ ነበር የሚቻለው። ፍሬድሪክ ተርማን የሚባለው የኢንጂነሪንግ ዲን ያቺን እገዳ ወደ እድል ቀየራት፣ ተከራዩን መምረጥ ቻለ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር አብሮ የሚሰራ የቴክኖሎጂ ድርጅት ይምጣ አለ፣ ቫሪያን መጣ፣ ሂውሌት ፓካርድ መጣ። ሺንቹም ለመግባት የምርምር እቅድህ ይታያል፣ ቆርቆሮ አጥሮ መሬት የሚያስቀምጥ ሰው ቦታ አያገኝም። ቆርቆሮ ስል አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ የትኛውን ቆርቆሮ እንደሆነ ያውቃል።

ሺንቹን ገነት አድርጌ እንዳልስላት አንድ ነገር ልናገር። በ2020 አንድም ታይፉን ደሴቷን ሳይመታ ቀረ፣ ዝናቡ ጠፋ፣ በ2021 በ56 ዓመት ያልታየ ድርቅ ሆነ። ባኦሻን የሚባለው ግድብ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ይታይ ነበር። ቺፕ ፋብሪካ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ያለ ውሃ አንድ ቀን አይሰራም። የመንግስት ውሳኔ ለሩዝ ገበሬዎቹ የሚሄደውን መስኖ ማቆም ነበር፣ ካሳ ከፍሎ። በብስክሌት ከከተማው ወጣ ብዬ የደረቀውን ማሳ አይቼዋለሁ፣ ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ቆመው ነበር። እኔ የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ፣ ካሳ ሲከፈል የሚከፈለው ለእህሉ ነው፣ ለወቅቱ የሚከፍል የለም። ያንን ቀን አልረሳውም፣ እኛም አንድ ቀን ትልቅ ፓርክ ስንሰራ ውሃው ከማን ይቀነሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ቤት ልመለስ። እኛ ጋ ነገሩ ባዶ አይደለም፣ አይስአዲስ በ2011 ልደታ ህንፃ ኮሌጅ አካባቢ ሲጀመር ብዙዎቻችን ሃብ (ጀማሪ ድርጅቶች አብረው የሚሰሩበት ቦታ) የሚለውን ቃል ራሱ የሰማነው ከዛ ነው። ጀማሪ ድርጅቶችን የሚያግዘው ብሉሙን መጣ፣ አይኮግ ላብስ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላይ ከውጭ ድርጅቶች ጋር እየሰራ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ መመራመር እንደሚቻል አሳየ። ጎሮ ላይ አይቲ ፓርኩ አለ። ሀዋሳና ቦሌ ለሚ ያሉትን ኢንዱስትሪ ፓርኮች ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሏቸው፣ ሀዋሳ በ2016 ሲከፈት ዓላማው ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ነበር፣ ስራ ፈጥሯል፣ ለብዙ ሴት ልጆች የመጀመሪያ ደሞዛቸው ነው፣ ግን ዲዛይኑ የሚወሰነው ውጭ ነው፣ እዛ ግቢ ውስጥ "ይሄ ለምን ሆነ?" ብሎ የሚፈትሽ ክፍል አልነበረም የተፈለገው። ገዢው ሲሄድ ሼዱ ብቻ ይቀራል። ታይዋንም ከዛው ነበር የተነሳችው፣ ከልብስና ከጫማ፣ ግን ጎን ለጎን ኢትሪን ሰራች።

ሃቦቻችን የሰጡኝን ግን አልክድም። እኛም ከመቂው ነገር በኋላ አንዱ ውስጥ ገባን። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ነበር፣ ኢንተርኔት ነበር፣ አድራሻ ነበረን፣ ሰው "ቢሯችሁ የት ነው?" ሲል የምንመልሰው አገኘን። የሌለው ዕቃ ነው። ፒች፣ ማለትም ሀሳብን ለባለሀብት አሳጥሮ ማቅረብ፣ እንዴት እንደሚደረግ 4 ጊዜ ሰልጥነናል፣ 3 ደቂቃ ውስጥ ፓምፑን መሸጥ እችላለሁ፣ ፓምፑ ለምን እንደሚቃጠል የምለካበት መሳሪያ ግን ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሶፍትዌር ለሚሰሩ ልጆች ይበቃል፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካላቸው ላባቸው እሱ ነው። የሚነካ ነገር ለሚሰራ ሰው ግን አይበቃም። የሚያሳዝነው መሳሪያው አገር ውስጥ መኖሩ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ያንን የምፈልገውን የሙቀት መፈተሻ ሳጥን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ፕላስቲኩ እንኳን አልተላጠም፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ለውጭ ሰው የሚያስጠቅምበት ደንብ የለውም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ቢበላሽ ከደሞዛቸው ነው የሚቆረጠው፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አልከፍትም። ደንቡ ግን መለወጥ አለበት፣ አዲስ ህንፃ ከመገንባት በፊት ያንን በር መክፈት ይቀድማል፣ ይሄን ማንም ኃላፊ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።

የሙቀቱን ነገር በመጨረሻ ያስተካከልኩት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምናለሽ ተራ። የሙቀት ማውጫ ብረት በልክ የሚሰራልኝ ሳጣ የተቃጠለውን ቦርድ በፌስታል ይዤ መርካቶ ወረድኩ፣ ጠዋት ነው፣ ያ ሁሉ መዶሻ አንድ ላይ ሲመታ ጆሮ ያደነቁራል። አንድ አሉሚኒየም የሚሰሩ ሰውዬ ቦርዱን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ምኑ ነው የሚግለው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። "እና ሙቀቱን ወዴት ነው የምታወጣው?" ወደዚህ ግድግዳ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ክንፍ ላብዛለት፣ ቁመቱን ላሳጥረው፣ ንፋስ እንዲያገኝ" አሉ። ከአሮጌ አሉሚኒየም ቆረጡ፣ ጎረቤታቸው ሰነጠቀው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ በሳው፣ ሌላው ሞረደው፣ አንዱ ከሌላው 3 እርምጃ አይርቅም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተሰራ። ገጠምኩት፣ ባትሪ ላይ አስነሳሁት፣ አሁንም ይግላል። ሰውዬው እጃቸውን አስጠጉና "ሆዱ ላይ ነው የቀረው፣ ልስላሴ ይጎድለዋል" ብለው የሚገናኝበትን ፊት በውሃ ወረቀት ፈተጉት፣ በብርሃን አይተው ደግመው ፈተጉት። ያ ሺንቹ ላይ በሙቀት ካሜራ ያየሁት ችግር ነው እኮ። እሳቸው በመዳፋቸው አገኙት። እስከ 10 ሰዓት 4 አይነት ሰራን፣ አራተኛው ያዘ።

እዛ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ምናለሽ ተራ ማንም ፓርክ ብሎ አልሰየመውም፣ ማንም ሪቫን አልቆረጠለትም፣ ግን ውስጡ ያለው ስርዓት ሺንቹ ላይ ካየሁት ጋር አንድ ነው፣ መጠየቅ የምትችለው ጎረቤት፣ የምትዋሰው መሳሪያ፣ ከስህተት እስከ ማረሚያው 3 እርምጃ። የጎደለው ከጎኑ ኢትሪ ነው። እኚህ ሰውዬ በመዳፋቸው የሚያውቁትን የሚለካ፣ የሚጽፍ፣ ከዩኒቨርሲቲ ላብ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክፍል። ስለ ሳይንስ ፓርክ እቅድ የሚያወጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን እዛ ቢውል ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስፈራኝ ነገር ፓርክ እንስራ ተብሎ ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ የሚያምር መስታወት ህንፃ ተሰርቶ፣ ሰርቪስ ካመለጠህ የማትደርስበት ሲሆን ነው። ጊዜም ይወስዳል። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ በ1959 ነው የተመሰረተው፣ በሶስት ዩኒቨርሲቲዎች መሀል፣ አይቢኤም እመጣለሁ ያለው 1965 ላይ ነው፣ እስከዛ ሰፊው መሬት አብዛኛው ጥድ ብቻ ነበር። 6 ዓመት ባዶ መሬት እያዩ አለመደንገጥ ቀላል አይደለም።

እስከዛ ሃባችን ውስጥ አንድ ነገር ጀምረናል። የጫማ ካርቶን ነበር መጀመሪያ፣ አሁን ባለ 24 መሳቢያ የፕላስቲክ ሳጥን ሆኗል፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ። ሞስፌት፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድ፣ ትንንሽ ሴንሰሮች፣ በየመሳቢያው ላይ በማርከር ተጽፏል። ከውጭ ሰው ሲመጣለት እያንዳንዱ ቡድን ከሚፈልገው ላይ ትንሽ ጨምሮ ያስመጣና እዛ ይከታል፣ የቸገረው ይወስዳል፣ ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ ሲያገኝ ይተካል። ቁልፍ የለውም። የህክምና ፍሪጅ መቆጣጠሪያ የሚሰሩት ልጆች አሮጌ ኦሲሎስኮፓቸውን ከጎኑ አስቀመጡት፣ ከላዩ ላይ "ከተጠቀማችሁ በኋላ ፕሮቡን ጠቅልሉት" የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል።

ባለፈው አርብ ማታ ልወጣ ስል የእንቁላል ማስፈልፈያ የምትሰራ አንዲት ልጅ መጣች፣ የማላውቃት ናት፣ እጇ ላይ የጠቆረ ቦርድ። "እዚህ ሞስፌት አለ አሉኝ" አለች። መሳቢያ 7 አልኳት። ሁለት ወሰደች፣ ትንሽ አመነታችና "ባቃጥላቸውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሶስተኛዋንም ውሰጂ አልኳት። ደብተሩ ላይ ስሟን ስትጽፍ አየኋት፣ 31ኛዋ ተዋሽ ናት። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩና ኦሲሎስኮፑን አበራሁላት።